የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አጭር የሕይወት ታሪክ

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ)



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ ላይ ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በተመደብሁ ጊዜ፣ ስለ ማን እንደምጽፍ ብዙ ቀን አሰብሁ። ምርጫዬን ያገኘሁት ግን በመጻሕፍት ቤት ሳይሆን በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እኅቴ የሕክምና ትምህርቷን ፈጽማ፣ ጥቂት ጊዜም በሐኪምነት ካገለገለች በኋላ፣ የአንጎልና የነርቭ ሕክምናን ለመማር ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ልንሸኛት በኲሓ አጠገብ ወዳለው አውሮፕላን ማረፊያ ወጣን። በመሸኛው በር ላይ እናቴ ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛው፣ ሐኪም ከሆኑ በኋላ ደግሞ እንደ ገና ተማሪ መሆን ለምን እንደሚያስፈልግ ነበር። ሁለተኛው፣ ከዚህ በር የወጣ ሁሉ ተመልሶ ይመጣ እንደ ሆነ ነበር። እኅቴ ለመጀመሪያው ጥያቄ እየሳቀች መለሰች፤ ለሁለተኛው ግን እናቴን አቅፋ ዝም አለች። በጦርነቱ ዘመን በረራው ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ስለ ነበረና ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ሲጀመር ከተማው ሁሉ እንዴት እንዳለቀሰ ስለምናስታውስ፣ የእናቴ ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶን ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድ ሰው በሐሳቤ መጣ። እርሳቸውም በዘመናዊ ሕክምና ትምህርት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ታሪካቸውን እንደ ዐቅሜ በአጭሩ አቀርባለሁና አንባብያን በትዕግሥት እንድትከታተሉልኝ እለምናለሁ።

ሕፃኑ ወርቅነህ የተወለደው በጎንደር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1865 ገደማ ነው። አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ይባሉ ነበር። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደርን ትተው ወደ መቅደላ ሲያመሩ ከብዙ ሰው ጋር የሕፃኑም ቤተ ሰብ ወደ መቅደላ ሄደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ፣ ሦስት ዓመት የማይሞላው ወይም ከዚያ ብዙ የማይበልጥ ይህ ልጅ በግርግሩ መካከል ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ልጁን አንሥቶ ከጦሩ ጋር ወሰደው።

እዚህ ላይ እኛ የመቀሌ ልጆች ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከመቅደላ ወደ ባሕር የተመለሰው በአሸንጌ ሐይቅ፣ በአንጣሎና በአዲግራት በኩል ነው። አንጣሎ ደግሞ ከከተማችን በስተ ደቡብ በቅርብ ርቀት ያለች አገር ናት። እንግዲህ ያ ሕፃን ወዴት እንደሚወሰድ ሳያውቅ፣ ዛሬ አውሮፕላኖች ከሚነሡበት ሜዳ ብዙ ሳይርቅ አልፎ ከአገሩ ወጣ ማለት ነው። የሸኘውም፣ ትመለሳለህን ብሎ የጠየቀውም ዘመድ አልነበረም።

ልጁ ወደ ሕንድ አገር ተወሰደ። አሳዳጊው ቻምበርሌን ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም የሁለቱን ባለውለታዎች ስም ወርሶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። የገዛ ስሙን፣ ቋንቋውንና የእናቱን መልክ ረሳ። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ግን አልረሳም።

ቻርልስ ማርቲን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ላሆር በሚባለው ከተማ ወደ ሕክምና ኮሌጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1882 የሕክምና ትምህርቱን ሲፈጽም ዕድሜው ከዐሥራ ሰባት ዓመት እምብዛም የማይበልጥ ወጣት ነበር። እኛ በዚህ ዕድሜ ገና የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ስለምንፈተን፣ ነገሩ ለእኛ የሚያስደንቅ ነው። ከዚያም ወዲያ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በሕንድ አገር በሐኪምነት አገለገሉ። (ከዚህ በኋላ በአክብሮት እጠራቸዋለሁ።)

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቢደርስ ይበቃኛል ብሎ ይቀመጥ ነበር። ሐኪም ማርቲን ግን አልበቃቸውም። ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንብራና በግላስጎ ከተሞች እንደ ገና ተማሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማም የዚያን አገር የሕክምና ፈቃድ ተቀበሉ። ዛሬ ሬዚደንት የሚባለው ሐኪም እንዲሁ ነው። በሽተኛ የሚያክም ሐኪም ሳለ፣ ከእርሱ በላይ ለሚያውቀው ደግሞ ተማሪ ነው። እናቴ ለጠየቀችው ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል።

በዚያን ዘመን የግላስጎ ከተማ ለአንጎል ሕክምና ታላቅ ስፍራ ነበረች። ዊልያም ማክዌን የተባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1879 የአንዲት ልጃገረድን የአንጎል ዕጢ አውጥቶ አድኗት ነበር። ያን ጊዜ የራጅ መሣሪያ እንኳ አልተገኘም ነበርና፣ ዕጢው ከአንጎሏ በየትኛው ክፍል እንዳለ ያወቀው የልጅቱ አካል ከወዴት በኩል እንደሚንቀጠቀጥ ተመልክቶ ነው። የነርቭ ሐኪም ጥበብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህ ነው። በሽተኛው እንዴት እንደሚራመድ፣ እንዴት እንደሚናገር፣ የትኛው እጁ እንደ ደከመ አይቶ፣ የማይታየውን የራስ ቅል ውስጥ ያነባል። ሐኪም ማርቲን የነርቭ ስፔሻሊስት አልነበሩም። በእርሳቸው ዘመን አንድ ሐኪም ዓይንም፣ ቁስልም፣ ወባም፣ ምጥም ያይ ነበረ። ሆኖም ይህ ዕውቀት በሚወለድበት አገርና ዘመን ተምረው መውጣታቸውን ማስታወስ ይገባል።

ከስኮትላንድ ሲመለሱ ወደ በርማ አገር ሄደው በሐኪምነት ተሾሙ። ደመወዝ ነበራቸው፤ ማዕረግ ነበራቸው፤ ኑሮአቸውም የተደላደለ ነበረ። በዚህ መካከል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል በዓለም ሁሉ ተሰማ። አውሮፕላን ማረፊያችን ስሙን የወሰደላቸው ራስ አሉላ አባ ነጋም በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ድል ካደረጉ በኋላ በዓድዋም ከዘመቱት የጦር አለቆች አንዱ ነበሩ። የድሉ ወሬ በሩቅ በርማ ለሚኖረው ሐኪም ደረሰ። ሳያውቋት የወጡባት አገር ነጻነቷን በገዛ እጇ እንደ ጠበቀች በሰሙ ጊዜ፣ ወደ አገራቸው የመመለስ ናፍቆት ጸናባቸው። ፈቃድ ወስደው፣ መንገድ ተቸግረው፣ እ.ኤ.አ. በ1899 አዲስ አበባ ገቡ።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በደስታ ተቀበሏቸው። ነገር ግን የሐኪሙ ችግር ብዙ ነበር። ወደ ትውልድ አገራቸው ቢመጡም ቋንቋውን አያውቁም ነበርና ከበሽተኞቻቸው ጋር በአስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ እንዴት እንደሚያደርግ ጠይቆ በቀጥታ ለማይረዳ ሐኪም ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም ሊገምተው ይችላል። ስለዚህ በሠላሳ አራት ዓመታቸው የእናታቸውን ቋንቋ እንደ ሕፃን ፊደል ቆጥረው መማር ጀመሩ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ቀጥሎ የምናገረው ነው። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ሲናፈስ አንዲት አሮጊት ሰምተው መጡ። የልጅ ልጃቸው ከሆነ በሰውነቱ ላይ የታወቀ ጠባሳ እንዳለ ተናገሩ። ጠባሳውም እንደ ተናገሩት ሆኖ ተገኘ። አያቱ ነበሩ። ስሙ ቻርልስ ሳይሆን ወርቅነህ፣ አባቱም እሸቴ እንደ ሆኑ ነገሯቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የራሱን ስም ሳያውቅ የኖረ ሰው ስሙን ከአያቱ አፍ ሲቀበል ምን እንደ ተሰማው፣ የኔ ብዕር ሊጽፈው አይችልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ሕዝብ ሐኪም ወርቅነህ ብሎ ይጠራቸው ጀመር።

ሐኪም ወርቅነህ አንድ ጊዜ ተመልሰው በዚያው የቀሩ አይደሉም። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ስለ ነበሩ ወደ በርማ መመለስ ግድ ሆነባቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ወደ አዲስ አበባ መጡ። እንደ ገና ወደ በርማ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1919 ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ቀፀላና ከልጆቻቸው ጋር በአገራቸው ለመኖር ገቡ። መመለስ የአንድ ቀን ሥራ ሳይሆን የብዙ ዓመት ትግል መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እ.ኤ.አ. ከ1908 በኋላ አዲስ አበባ በነበሩበት ዘመን አገሪቱን ሁሉ ያስጨነቀ አንድ በሽታ ነበረ። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ የአንጎል ደም ሥር ሕመም፣ ዛሬ ስትሮክ የምንለው፣ ደጋግሞ መታቸው። እ.ኤ.አ. በ1909 ሰውነታቸው ከመድከሙም በላይ አንደበታቸው ተያዘ። የውጭ አገር ሐኪሞች ቢሰበሰቡም፣ አንዱ መርዝ ነው ሲል ሌላው አይደለም ቢልም፣ የተገኘ መድኃኒት አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ለዓመታት አልጋ ላይ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ያን ጊዜ ሕዝቡ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ያለች አንዲት ቀጭን የደም ሥር መላ አገርን ልታናውጥ እንደምትችል አየ።

ስትሮክ የሚባለው በሽታ የሚመጣው ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። የአንጎል የግራ ወገን የሰውነትን ቀኝ ወገን ያዝዛል፤ የቀኙም ግራውን ያዝዛል። የንግግር ኀይልም በአብዛኛው ሰው በግራው ወገን እንደ ሆነ ፖል ብሮካ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1865 አስረድቷል። እንግዲህ ዕውቀቱ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነበረ፤ የጎደለው ፈውሱ ነው። ዛሬ የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ ሲቲ ስካን የሚባል መሣሪያ አለ። ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ወደ ሐኪም የደረሰና የደም ሥሩ በረጋ ደም የተዘጋበት ሰው፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የአንድ ሰው ፊት በድንገት ቢጣመም፣ አንድ እጁ ቢዝል ወይም አንደበቱ ቢተሳሰር፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። የደም ግፊትንም በየጊዜው ማስለካት ከሁሉ የሚሻል መከላከያ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ሐኪም ወርቅነህ ለአንድ በሽተኛ መድኃኒት ከመስጠት ይልቅ ለብዙ ልጆች ትምህርት መስጠት አገርን እንደሚያድን ተረዱ። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠሩ። ስለ ዓለም ጂኦግራፊ በአማርኛ መጽሐፍ ጽፈው አሳተሙ። በልጅነታቸው የረሱትን ቋንቋ ተምረው መጽሐፍ እስከ መጻፍ መድረሳቸው፣ አማርኛ አይገባኝም፣ ሒሳብ አይገባኝም ለምንል ተማሪዎች ተግሣጽ ነው። ባርነት እንዲቀርም ይደክሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 የጣና ሐይቅ ግድብ ጉዳይ ተልከው ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዚያም የሚኖሩ የተማሩ ጥቁር ሕዝቦች መጥተው ኢትዮጵያን እንዲረዱ ጋበዙ። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ የሚሆን አስተዳደር ለማቆም ጣሩ። ከዚያም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ።

በለንደን ሳሉ የኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። ሐኪም ወርቅነህ ባደጉበት ቋንቋ ያደጉበትን መንግሥት ስለ ኢትዮጵያ ይማጸኑ ጀመር። ሆኖም የሚጠበቀው እርዳታ አልመጣም። ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። እነርሱም ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ማኅበር ጋር በምዕራብ ኢትዮጵያ ተዋጉ። ከተያዙ በኋላ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል፣ የኢጣልያ ሹማምት የተማሩትን ኢትዮጵያውያን ሲፈጁ ሁለቱም ወንድማማቾች ተገደሉ። አባታቸው በስደት ሳሉ መርዶውን ሰሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እኚህ ሰው በሕፃንነታቸው ከወላጆቻቸው በጦርነት ተነጠቁ፤ በሽምግልናቸው ልጆቻቸው በጦርነት ተነጠቋቸው። በውጭ አገር ያለ ሥጋት መኖር ይችሉ ነበር። ልጆቻቸውንም ወደ አገራቸው ባይልኩ ኖሮ በሕይወት ይኖሩላቸው ይሆናል። መመለስ ዋጋ እንደሚያስከፍል ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሰባ ሰባት ዓመት ገደማ ዕድሜአቸው እንደ ገና ተመለሱ። በአገራቸውም ዐሥር ዓመት ኖረው በ1945 ዓ.ም. መስከረም ወር በክብር ዐረፉ።

እርሳቸው በሕይወት ሳሉ በኢትዮጵያ የሐኪሞች ትምህርት ቤት አልተከፈተም ነበር። ካረፉ በኋላ ግን በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በትውልድ ከተማቸው በጎንደር ተከፈተ። በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። የአንጎልና የነርቭ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። የሐኪሙ ሁለት ልጆች በተሰለፉበት ማኅበር ስም በሚጠራ ሆስፒታል ውስጥ ዛሬ ወጣት ኢትዮጵያውያን ይህን ዕውቀት ይማራሉ።

ይህ ዕውቀት ለአገራችን ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት ዞረው 60,820 ሰዎችን በመረመሩ ጊዜ፣ ከሺህ ሰው አምስት የሚሆኑት የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አገኙ። ይህ በሽታ በመንደራችን እንደ እርግማን ይቆጠራል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ እሳት ላይ ወይም ውሃ ውስጥ ሲወድቅ እንኳ ይተላለፍብኛል ብሎ የማያነሣው ሰው አለ። የሚጥል በሽታ ግን ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ የአንጎል ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የታወቀው ፌኖባርቢታል የተባለ ርካሽ መድኃኒት ብቻውን ብዙዎችን ይረዳል። እንደዚሁም በጎንደርና በወሎ ገጠሮች ድርቅ ሲመጣ ጓያ ብቻ እየበሉ የሰነበቱ ወጣቶች እግራቸው ይታሰርና ዕድሜ ልካቸውን በምርኩዝ ይቀራሉ። ይህ መከላከል የሚቻል፣ ከያዘ በኋላ ግን የማይድን የነርቭ ጉዳት ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሚበቃ ሐኪም በየከተማው የለንም።

እንግዲህ የእናቴን ሁለተኛ ጥያቄ ልመልስ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር የወጣ ሁሉ ይመለሳልን? ሁሉ አይመለስም። የማይመለሰውንም ሁሉ መውቀስ አይገባም፤ ሐኪም ወርቅነህ ራሳቸው ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ሄደዋልና። ነገር ግን የሚመለስ ሰው የሚመለሰው የሚያስታውሰውና የሚጠብቀው ሲኖር ነው። እኚያ አሮጊት አያት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የልጅ ልጃቸውን ጠባሳ ባይረሱ ኖሮ፣ ቻርልስ ማርቲን ወርቅነህ እሸቴ አይሆኑም ነበር። ስለዚህ ተማሪዎች ለመማር እንውጣ፤ ወላጆች ደግሞ መምጣታችንን ሳታቋርጡ ጠብቁን፤ መንግሥትና ከተማም ለሚመለሰው የሥራ መሣሪያ ያዘጋጁለት።

እኅቴ ዛሬ በአዲስ አበባ በሽተኞችን እያከመች ትማራለች። እናቴ በየእሑዱ ስልክ ስትደውል ስለ ትምህርቱ አትጠይቃትም፤ በልታ እንደ ሆነ ትጠይቃታለች፤ ቀጥሎም የበጋውን ዕረፍት ቀን ትቆጥርላታለች። እኔም ይህን ታሪክ ከጻፍሁ ወዲህ በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር ከሚነሡት አውሮፕላኖች ይልቅ የሚያርፉትን አያለሁ።